ሻይ ክፍል አልገባም

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለተኛው ሳምንት ተጀመረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። የኮምፒውተር ማሰልጠኛው ዘበኛ አሁንም አላወቀኝም። "ልጅሽን ልታስመዘግቢ ነው?" አለኝ… ባለፈው ሰኞም ይህንኑ ነበር ያለኝ። "አይ፣ ራሴን" አልኩት። ሳቀ። ይሳቅ።

ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት ነን። ከእኔ ቀጥሎ ትልቁ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ አርባ አንድ። "ማዘር" ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አሁን ለመድኩት።

ጣቶቼ ግን አስቸገሩኝ። አሥራ አራት ዓመት ሊፍት የጠገኑ ጣቶች ናቸው። ካቻቢቴ ያውቃሉ፣ ፒንሳ ያውቃሉ፣ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የትኛው ብሎን እንደላላ ዳብሰው ያውቃሉ። ይህ ኪቦርድ የተሠራው ለማን ነው? አንዱን ስነካ ሁለት ይጻፋል።

በኋላ እንዳይምታታብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ትከሻዬ ተበላሸ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቀኝ እጅሽን ከራስሽ በላይ አታነሺም" አለ። የሊፍት ጠጋኝ ሥራ ደግሞ ሁሉም ከራስ በላይ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ጠራኝ… "አንቺን የመሰለች ሠራተኛ ሜዳ ላይ አንጥልም። ሻይ ክፍል ቦታ አለ። እስከ ሚያዝያ 30 አስቢበት፣ ይጠበቅልሻል።" ሻይ ክፍል! የመሥሪያ ቤቱን ሕንፃ ሊፍት በእነዚህ እጆቼ የተከልኩት እኔ፣ በዚያው ሊፍት ትሪ ይዤ ልወጣ ልወርድ?

ተነሥቼ ወጣሁ። በማግሥቱ እዚህ ተመዘገብኩ። የሚያስተምረን ድርጅት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከአሥራ ስድስታችን አራቱን ይቀጥራል። ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ። በቃ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ይህ ፓይተን የሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ አንዲት ባዶ ቦታ ካዛነፉበት "አልሠራም" ብሎ ቁጭ ይላል። አንዲት ባዶ ቦታ! ከአማቴ ይብሳል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ቤት ውስጥ የማጠናው በባለቤቴ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ሳሎናችን ነው ሱቁ። እሱ በወዲያ በኩል በስፌት መኪናው የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ እኔ በወዲህ በኩል ከኮምፒውተር ጋር እጣላለሁ። ዛሬ ከኪቦርዱ ውስጥ አንድ ክንድ የሚሆን ሰማያዊ ክር መዝዤ አወጣሁ።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ።

"ሉፕ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አንዱን ነገር ይበቃሃል እስኪባል ድረስ ደጋግሞ የሚሠራ።"

መኪናውን አቆመ። "እና እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሉፕ ነኛ!"

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማን ነበር። አልሳቀችም። "ላም አለኝ በሰማይ…" ብላ የቀረውን ተወችው። እማዬ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ አፍልታ ነው ያሳደገችኝ። "ሻይ ምን ነውር አለው?" ትለኛለች፣ በቀን ሦስቴ። ነውር አለው ያልኩት መቼ ነው? እኔ ያልኩት ሊፍት ጠጋኝ ነኝ ነው። ነኝ… ነበርኩ… እንጃ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።

አስተማሪያችን የጻፍኩትን ኮድ ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳየው። አስተማሪውን ለራሴ "መነጽር" ነው የምለው፣ ከፊቱ በፊት የሚታየው መነጽሩ ስለሆነ። የእኔ ፕሮግራም ሲሠራ አያፍርም፣ ይናገራል። "ገባሁ" ይላል። "አነበብኩ" ይላል። "ደመርኩ" ይላል። ከዚያ "ልቀጥል?" ብሎ ይቆማል። "ቀጥል" ብሎ የሚጽፍለት ሰው እስኪያገኝ ንቅንቅ የለም።

"ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ ሬዲዮ?" አለ መነጽር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ተነሥቼ አስረዳኋቸው። ሊፍት ላይ ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። አንዱ ላይ ሞተር ክፍል፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ የካቢኑ ጣራ ላይ። የላይኛው "ላውርድ!" ይላል። የታችኛው "አውርድ!" ይላል። መልስ ካልመጣ ማንም ምንም አይነካም። ዝምታ እሺ ማለት አይደለም፣ ቁም ማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠርቼ አሥሩም ጣቶቼ አሉ። ቆጥሬ አሳየኋቸው።

"ማዘር… ይቅርታ፣ እትዬ… ኮምፒውተር እኮ ሰው አይገድልም" አለኝ።

"ሊፍትም አይገድልም። ሳይጠይቅ የሚነካው ነው የሚገድለው።"

"ለማንኛውም ያንን ጥያቄ ከኮዱ አውጪው" አለኝ። አላወጣሁትም። ማን ስለሆነ ነው?

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ትከሻዬ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። ማውዙን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ግራ እጄ እንደ ሰካራም ነው የሚነዳው፣ ወደ ላይ ስለው ወደ ጎን ይሄዳል። ይልመድ። እኔስ ለምጄ የለ?

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ዜሮ።

ከሰላሳ ዜሮ።

የአጋማሽ ፈተና ነበር። ቀላል እኮ ነው! የአንድ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ተሰጠን፣ ያልተመለሱትን መጻሕፍት የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ ተባልን። ጻፍኩ። ሞከርኩት፣ ልክ ቆጠረ። የሚያርመው ግን ሰው አይደለም፣ ሌላ ፕሮግራም ነው። ማን ነገረኝ? ነግረውን ይሆናል… እኔ አልያዝኩትም። የእኔ ተነሣ፣ ዝርዝሩን አነበበ፣ "ልቀጥል?" አለ። ቆመ። ማን ይመልስለት? ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ጠበቀ፣ ጠበቀ… ሰዓቱ አለቀ።

መነጽር "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻል ነበር። "ይሄ ከመጨረሻው ፈተና ጋር ይደመራል። ሰላሳው ሄዷል። ሌሎቹ ከመቶ ሲወዳደሩ አንቺ ከሰባ ነው" አለኝ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ዛሬስ ትሄድልናለች ብሎ የጠበቀ ካለ ሞኙን ይፈልግ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ወሬ እንዴት ነው የሚፈጥነው? "ኮምፒውተሩ እንዴት ይዞሻል?" አለኝ እየሳቀ። "ቦታሽ አለ። አዲስ የሻይ ማፍያም ገዝተናል።"

"እንኳን ደስ አለዎት" ብዬ ዘጋሁት።

እማዬ ሰምታለች። "ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አለችኝ።

"አንዱን ቆርጠውብኛል እማዬ። የቀረኝ አንድ ነው።"

"ሻይ ክፍሉስ?"

"እሱ ዛፍ አይደለም።"

ምነው አፌን ባልከፈትኩ። ፊቷ ጠቆረ። "እና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የተንጠለጠልኩት ምን ላይ ነበር?" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ባለቤቴ መኪናውን አቁሞ አየኝ። ምላሴ ይቆረጥ! የቆምኩበትን ነገር የሠራችው እሷ አይደለች?

መጋቢት 14፣ እሁድ

እማዬ አላናገረችኝም። ቤቱ ጠበበኝ፣ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ የጉድጓዱ ጓደኛዬ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ "ሴት እዚህ ምን አላት?" ሲሉ "ገመዱ ጠይቆ አያውቅም፣ እናንተን ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?" ብለው ያስገቡኝ። አሁን ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ይፈታሉ። የተገጠመው ስንቱ እንደሆነ ግን አይጠየቁም።

ዜሮዬን ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ማን እንዲመልስልሽ ነው የጠበቅሽው?"

"ሰው ነዋ ጋሼ።"

"ሰው በሌለበት?" ሬዲዮውን አስቀመጡ። "ለመሆኑ እኛ ጠግነን ከወጣን በኋላ፣ ያ ሊፍት ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ማንን እየጠየቀ ነው?"

"የበሩን መቆለፊያ።"

"በሩ ገርበብ ካለስ?"

"መቆለፊያው መልስ አይሰጥም። ሊፍቱ አይነሣም።"

"እና?" ብለው መፍታታቸውን ቀጠሉ።

አይ እኔ! አሥራ አራት ዓመት ስገጥመው የኖርኩትን መቆለፊያ! መጠየቁ ልክ ነበር፣ ማንን እንደምጠይቅ ነው ያልገባኝ። ዕቃውን ራሱን ነው መጠየቅ። አንተ ቁጥር ነህ? አንተ ዝርዝር፣ ሙሉ ነህ? መልስ ከሰጠ ሂድ፣ ካልሰጠ ቁም። ሰው አያስፈልግም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እያወራሁ ነበር የሄድኩት፣ አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

ማታ እማዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ምን አልኩሽ?" አለች፣ ረሳሁት እንደማለት። አልረሳችም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

አንዱን ሳንጨርስ ሁለተኛው ቋንቋ መጣ። ጃቫስክሪፕት። ፓይተን ቢቆጣም ፊት ለፊት ነው የሚቆጣው። ይህኛው ምንም ብለው "እሺ" ነው። አንድና አንድ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ አሥራ አንድ አለኝ። አንዱን "አንድ" እንደ ጽሑፍ ነበር የሰጠሁት፣ እሱ ምን ቸገረው፣ አጠገብ ለአጠገብ ገጠማቸውና አረፈው። አንዲት የቁጣ ቃል የለም። የማይቆጣ ነው የሚያስፈራው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነበረን… "እሺ፣ እሺ" እያለ ብሎን ሳያጠብቅ የሚወርድ።

ለሱ ብዬ ኮዴን መቆለፊያ በመቆለፊያ አደረግኩት። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ ፈጣኑ የምለው፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚጨርሰው፣ አይቶ "ማዘር፣ ግማሹ ኮድሽ እኮ ፍተሻ ነው" አለኝ። "ግማሹ ደመወዜም ፍተሻ ነበር" አልኩት።

ሚያዝያ 5፣ እሁድ

ባለቤቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የክንድ መደገፊያ ትራስ ሰፋልኝ። በአራት ቀለም፣ አራት ኪስ ያለው።

"ኪሱ ለምንድን ነው?"

"ስህተትሽን የምትከቺበት።"

"አራት ይበቃል?"

"ሲሞላ እጨምርልሻለሁ።"

ትከሻዬ ዛሬ አላመመኝም ማለት ይቻላል። የሚያናድደው ሰውዬ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ጉድ ነው። እማዬ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስክሪኑን ታያለች።

"ይሄ ምን ይላል?"

"ስልክ ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ አትላክ ይላል።"

"ይሄስ?"

"ሙሉ ከሆነ ላክ።"

"ታዲያ ይሄማ እኔም የማውቀው ነገር ነው!" አለች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። "ጽሕፈት መኪና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ አስገባሁ። ልጆቹ ሲመቱት ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አለቃቸውን ‘እስቲ ልሞክረው?’ አልኩት። ‘አንቺ ሻይሽን’ አለኝ።"

እንዲህ ነግራኝ አታውቅም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። "ነይ ንኪው" አልኳት። "ሂጂ ወዲያ!" አለች፣ ግን አንዲት ጣት ዘርግታ አንድ ቁልፍ ነካች። ፕሮግራሜ ተበላሸ። ግድ የለም።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

አለቀ። የመጨረሻው ፈተና ዛሬ ነበር።

ፈታኟ ከድርጅቱ የመጣች ሴት ናት። ፀጉሯ የሸበተ፣ የማትስቅ። የአንድ ጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ዝርዝር ሰጠችን፣ ሦስት መቶ ሰው። ለእያንዳንዱ የቀጠሮውን ቀን የሚነግር መልእክት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ጻፉ አለች። ፈጣኑ በአርባ ደቂቃ ጨርሶ እግሩን ዘረጋ። እኔ ገና ዝርዝሩን እየጠየቅኩ ነበር። ስም አለህ? ስልክ አለህ? ቀን አለህ?

እየዞረች እኔ ጋ ደረሰች። አስነሣሁላት። አርባ ሰው አልፎ ቆመ። "ረድፍ 41 ቀን የለውም። አልንቀሳቀስም" ይላል ስክሪኑ። ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

"የቀሩትስ?" አለች።

"ቀኑ እስኪሞላ ይጠብቃሉ።"

"የአንድ ሰው ቀን ስለጠፋ ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሰው ይቅር?"

"ሊፍት ቢሆን እኮ…"

"ሊፍት አይደለም።"

ደሜ ፈላ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ… ዘጋሁት። እውነቷን ነው እንዴ? ሦስት ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይ አንዱ ቢበላሽ ሕንፃውን እንዘጋለን? የተበላሸው በር ላይ "አይሠራም" የሚል እንሰቅላለን፣ ሁለቱ ይሠራሉ። ይህን የማላውቅ ሆኜ ነው? እልህ ነው ያሳወረኝ። ስንት ደቂቃ ቀረ? ሃያ።

በሃያ ደቂቃ እንደገና ሠራሁት። ጎደሎውን ለብቻ አስቀምጥ፣ ሌላውን ቀጥል፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጡትን ዘርዝር። ግራ እጄ ማውዝ ላይ፣ ቀኝ እጄ ትራሱ ላይ፣ ላቤ በጀርባዬ። አስነሣሁት። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት መልእክት ወጣ። ከሥር አሥራ ሁለት ስም፣ "እነዚህን በስልክ ጠይቋቸው" ከሚል ጋር።

የፈጣኑ ፕሮግራም ለነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች የዛሬን ቀን ሰጥቷቸዋል። ቢላክ ኖሮ አሥራ ሁለት ሰው ጥርሱን ይዞ ክሊኒክ በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

"የት ነው የተማርሽው?" አለችኝ ፈታኟ።

"ጉድጓድ ውስጥ።"

አልሳቀችም። ጻፈች።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ውጤት ተለጠፈ።

ከሰባ ስልሳ ስድስት። በመጨረሻው ፈተና ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። ከአጋማሹ ዜሮ ጋር ሲደመር ግን ያው ስልሳ ስድስት ነው፣ ከመቶ። አራተኛው ስልሳ ዘጠኝ አምጥቷል። አምስተኛ ነኝ። ፈጣኑ ሦስተኛ ወጣ፣ መጥቶ አቀፈኝ፣ ምን እንደሚለኝ ጠፍቶት "ማዘር… ማዘር…" ብቻ ይላል። ልጁ ምን አጠፋ?

ቅጥል አልኩ። አንዲት "ልቀጥል?" ሰላሳ ነጥብ በላችብኝ።

ፈታኟ መነጽርን ይዛ መጣች። "ሰኔ ላይ አንድ ቦታ ይከፈት ይሆናል። ቃል አልገባልሽም። ያንን ፕሮግራም በሁለተኛው ቋንቋ ጽፈሽ አምጪና እንደገና ትፈተኛለሽ።" ይከፈት ይሆናል… ይሆናል! መነጽር እሷ ከሄደች በኋላ "የፍተሻውን ክፍል ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ላሳያቸው ትፈቅጂልኛለሽ?" አለኝ። "ሬዲዮ ነው ብለህ?" አልኩት። ጆሮው ቀላ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ወንበር ሳበልኝ። እማዬ "ስንተኛ?" አለች። "አምስተኛ።" "ስንት ነው የሚቀጥሩት?" "አራት።" ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የሻይ ክፍሉ ቀነ ገደብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ይሆናል ከሚባል ሥራና አለ ከሚባል ሥራ… የትኛው ነው ሞኝነት?

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ጠዋት እንደ ሥራ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙን በጃቫስክሪፕት ጀመርኩት። ሌላ የት እሄዳለሁ? አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ስሙን አየሁት። ሥራ አስኪያጁ ነው።

እጄ ወደ ስልኩ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። እዚህ ለራሴ ካልዋሸሁ… "እንቢ" ልለው ነበር ወይስ "እሺ"? አላውቅም። እግዜር ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ "እንቢ" ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ ምላሴ ደረቀ።

እማዬ ቀደመችኝ። ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣችው።

"ሃሎ… እናቷ ነኝ… የለም፣ አሁን አይመቻትም። ሥራ ላይ ናት።"

"ምን ሥራ?" ሲል እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ባለቤቴ መኪናውን አቆመ። እማዬ ስክሪኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ሥራ ነዋ! ምን ሥራ ይለኛል እንዴ? ስማ አንተ ልጅ፣ ሻይ ከጠማህ ተነሥተህ አፍላ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አፍልቻለሁ፣ ከባድ አይደለም። ካቃተህ ደውልልኝ፣ አስተምርሃለሁ።"

ዘጋችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ላቅፋት ተነሣሁ።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለችኝ ተቆጥታ። "ሥራሽን ሥሪ!"

ተቀመጥኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣሁም።